አልጋና ላቦራቶሪ በአንድ ጣሪያ ሥር፦ የአንጎል ሕክምናና ምርምር ተቋማት ታሪክ

1. ሞትን የሚጠብቅ ምርምር

አንጎል በሕይወት ባለ ሰው ላይ ለሐኪም እጅና ዓይን አይደረስበትም። ልብ ይደመጣል፣ ሆድ ይዳሰሳል፣ ደምና ሽንት ይመረመራል። አንጎል ግን በራስ ቅል ተከድኖ፣ መጎዳቱን የሚናገረው በእጅ መዛል፣ በአንደበት መያዝ፣ በመንቀጥቀጥ ወይም በመርሳት ነው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረ ሐኪም እነዚህን ምልክቶች አይቶ ጉዳቱ ከየት እንደመጣ በእርግጠኝነት ለማወቅ አንድ መንገድ ብቻ ነበረው፤ ታካሚው እስኪሞት ጠብቆ አስከሬኑን መመርመር። ስለዚህ የአንጎል ጥናት ገና ከጅምሩ ሕሙማንን ለረጅም ዓመታት የሚያስጠጋ ቤት ያስፈልገው ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

በፓሪስ የሚገኘው ሳልፔትሪየር እንዲህ ያለ ቤት ነበር። በ1656 የድሆች መጠለያ ሆኖ የተመሠረተው ይህ ግቢ፣ ዣን ማርቲን ሻርኮ በ1862 ኃላፊ ሐኪም ሆነው ሲገቡ በሺህ የሚቆጠሩ አቅመ ደካማና ሕሙማን ሴቶችን አስጠግቶ ይዟል። ሻርኮና ረዳቶቻቸው የእያንዳንዷን ሴት ምልክት ለዓመታት መዘገቡ፤ ስትሞት ደግሞ አንጎሏንና ሕብለ ሰረሰሯን በማይክሮስኮፕ መርምረው መዝገቡን ከተገኘው ጉዳት ጋር አስተያዩ። መልቲፕል ስክለሮሲስን የመሰሉ በሽታዎች ራሳቸውን ችለው በግልጽ የታወቁት በዚህ ትዕግስት ነው። በ1882 ለሻርኮ የነርቭ በሽታዎች የፕሮፌሰርነት መንበር ሲቋቋም ዘርፉ የራሱ ስም ያለው የሕክምና ሙያ ሆነ። ይሁን እንጂ መንገዱ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያስኬድ ነበር። ዕውቀቱ ከአልጋው ወደ ላቦራቶሪው ሄደ፤ ለዕውቀቱ ምክንያት ወደሆነችው ሴት ግን የሚመለስ ነገር አልነበረም፣ ሞታለችና።

በለንደን ኩዊን ስኩዌር የተከፈተው ሆስፒታል የተነሳው ከሌላ አቅጣጫ ነው። ሽባ ሆነው የቀሩና የሚጥል በሽታ ያለባቸው ሰዎች አጠቃላይ ሆስፒታሎች ውስጥ በቂ ቦታ አልነበራቸውም፤ በሽታቸው ረጅም፣ ተስፋቸውም ጠባብ ነበርና። የቻንድለር ቤተሰብ እህትማማቾችና ወንድማቸው የአያታቸውን ሽባነት በቅርብ አይተው ገንዘብ አሰባሰቡና በ1860 ለሴቶች 8 አልጋ ያለው ቤት ተከፈተ። ዓላማው እንክብካቤ ነበር፤ ምርምሩ በኋላ መጣ። ጆን ሂዩሊንግስ ጃክሰን የሚጥለው በሽታ ከየትኛው ጣት ወይም ከየትኛው የፊት ክፍል እንደሚጀምር እየተከታተሉ፣ በአንጎል ውስጥ መነሻው የት ሊሆን እንደሚችል አመለከቱ። ዴቪድ ፌሪየር በ1870ዎቹ በእንስሳት አንጎል ላይ ባደረጉት ሙከራ የጃክሰንን ግምት አጠናከሩ። ቪክቶር ሆርስሊ ይህን ዕውቀት ይዘው በ1886 ለሚጥል በሽታ ቀዶ ሕክምና አደረጉ፤ በ1887 ደግሞ ሐኪሙ ዊሊያም ጋወርስ ከምልክቱ ብቻ ተነስተው ቦታውን የገመቱትን የሕብለ ሰረሰር ዕጢ አወጡ፤ ታካሚውም ዳነ። ዕውቀቱ ወደ አልጋው ተመለሰ ማለት ነው። የቀረው ነገር ላቦራቶሪው ሌላ ቦታ መሆኑ ነበር። የፌሪየር የመጀመሪያ ሙከራዎች የተካሄዱት ከለንደን ርቆ በዮርክሻየር በሚገኝ የአእምሮ ሕሙማን ማቆያ ውስጥ ነው፤ ጥያቄና መልስ የሚገናኙት ሰዎቹ ሲገናኙ ብቻ ነበር።

2. ሞንትሪያል፣ 1934

ሁለቱን በአንድ ቤት ለማኖር ታስቦ ከተቋቋሙት ሁሉ የሞንትሪያል ኒውሮሎጂካል ኢንስቲትዩት ይበልጥ የሚያስተምር ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ትብብሩ ከጊዜ በኋላ በአጋጣሚ የመጣ ሳይሆን ከንድፉ ጀምሮ የተቋሙ ምክንያት ነበር። የቀዶ ሕክምና ሐኪሞቹ ዋይልደር ፔንፊልድና ዊሊያም ኮን በ1928 ከኒው ዮርክ ወደ ሞንትሪያል መጥተው በሮያል ቪክቶሪያ ሆስፒታል ሥራ ጀመሩ። ፔንፊልድ ቀደም ሲል በኦክስፎርድ ከቻርልስ ሸሪንግተን፣ በማድሪድ ከስፔን የነርቭ ሕዋስ ተመራማሪዎች፣ በብሬስላው ደግሞ ከኦትፍሪድ ፎርስተር ተምረዋል። በየቦታው ያዩት ጥሩ ነገር ቢሆንም የተበታተነ ነበር። የነርቭ ሐኪሙ ምርመራ ያደርጋል፣ ቀዶ ሐኪሙ ይቆርጣል፣ የሕዋስ ተመራማሪው የተቆረጠውን ያያል፤ ሦስቱም ስለ አንድ ሰው እየሠሩ እርስ በርስ በደብዳቤ ይነጋገራሉ።

ሮክፌለር ፋውንዴሽን በ1932 ለማክጊል ዩኒቨርሲቲ 1.2 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ፈቀደ። አከፋፈሉ ልብ ሊባል ይገባል። አንድ ሚሊዮኑ በቋሚነት ተቀምጦ ገቢው ምርምሩን እንዲደግፍ ተመደበ፤ ለሕንፃ የተያዘው የቀረው ነው። የሕሙማኑን ወጪ ለመደጎም ደግሞ የኩቤክ ክፍለ ሀገርና የሞንትሪያል ከተማ በየዓመቱ ገንዘብ ለመስጠት ተስማሙ። የምርምሩና የሕክምናው ገንዘብ ከሁለት ኪስ ይወጣል፤ ሥራው ግን አንድ ቤት ውስጥ ይሠራል። ይህ የገንዘብ አደረጃጀት ለታካሚው ጥበቃ ነበር ማለት ይቻላል፤ ሕክምናው በምርምሩ በጀት ላይ ስላልተንጠለጠለ ማንም ሰው ለመታከም ሲል የጥናት አካል እንዲሆን የሚያስገድደው የገንዘብ ምክንያት አይኖርም።

ሕንፃው በ1934 ተከፈተ። የተኝቶ ሕክምና ክፍሎች፣ የቀዶ ሕክምና ክፍል፣ የራጅ ክፍልና ላቦራቶሪዎች በአንድ ጣሪያ ሥር ሆኑ፤ መንገድ ተሻግሮ ካለው ከሮያል ቪክቶሪያ ሆስፒታል ጋርም በድልድይ ተገናኙ። ከልዩ ልዩ አገሮች ለሥልጠና የሚመጡት ወጣት ሐኪሞች ዋርድም ላቦራቶሪም ውስጥ እንዲሠሩ ተደረገ። ላቦራቶሪ ውስጥ ወራት ያሳለፈ ሐኪም ወደ ዋርድ ሲመለስ ታካሚውን የሚጠይቀው ጥያቄ ይለወጣል፤ ዋርድ ውስጥ የቆየ ተመራማሪም የትኛው ጥያቄ አጣዳፊ እንደሆነ ያውቃል።

3. አንድ ቀዶ ሕክምና፣ ሁለት ጥቅም

ትብብሩ በተግባር ምን እንደሚመስል የሚያሳየው የቀዶ ሕክምናው ክፍል ነው። የሚጥል በሽታው በመድኃኒት አልመለስ ያለ ሰው ለቀዶ ሕክምና ሲቀርብ ማደንዘዣው የሚሰጠው በራስ ቆዳው ላይ ብቻ ነበር። አንጎል ራሱ ሕመም አይሰማውም፤ ስለዚህ ታካሚው ነቅቶ፣ እያወራ፣ የራስ ቅሉ ይከፈታል። ቀዶ ሐኪሙ ደካማ የኤሌክትሪክ ፍሰት ያለው ኤሌክትሮድ በአንጎሉ ላይ ያሳርፋል። ታካሚው “አውራ ጣቴን ነዘረኝ” ይላል፣ ወይም ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ወይም ሥዕል እያየ ስሙን ሲጠራ በድንገት ቃሉ ይጠፋበታል። መልስ በተገኘበት እያንዳንዱ ነጥብ ላይ ቁጥር የተጻፈበት ትንሽ ወረቀት ይቀመጣል። ጸሐፊ ከቁጥሩ አንጻር ታካሚው ያለውን ቃል በቃል ትመዘግባለች፤ በመጨረሻም ቁጥሮቹ እንደተደረደሩ አንጎሉ ፎቶግራፍ ይነሳል። ሄርበርት ጃስፐር ወደ ተቋሙ ከመጡበት ከ1930ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ የአንጎሉ የኤሌክትሪክ ሞገድ እዚያው እየተቀዳ፣ በሽታው የሚነሳበት ቦታ ይፈለግ ጀመር።

ይህን ሁሉ ማድረግ ያስፈለገው በመጀመሪያ ለታካሚው ሲባል ነው። ቃል የጠፋበት ነጥብ የንግግር ቦታ ስለሆነ ቢላዋ አይነካውም፤ አውራ ጣት የነዘረበትም እንዲሁ። ያው መዝገብ ግን ከብዙ ሰዎች ሲሰበሰብ የሰው ልጅ አንጎል ካርታ ሆነ። ፔንፊልድና ኤድዊን ቦልድሬይ በ1937 ባሳተሙት ጥናት የሰውነት ክፍሎች በአንጎል ላይ በምን ቅደም ተከተል እንደተደረደሩ፣ እጅና ፊት ከእግርና ከጀርባ ይልቅ ምን ያህል ሰፊ ቦታ እንደያዙ አሳዩ። ዛሬ በየሕክምና ትምህርት ቤቱ የሚታየው ያ የተዛባ ሰው ሥዕል መነሻው እዚህ ነው። ለዚህ ካርታ ሲባል ተጨማሪ ቀዳዳ የተቦረቦረበት ሰው ሳይሆን ለመዳን የገባ ሰው በሰጠው መልስ ዕውቀት ተገኘ። የተቋሙ አሠራር ጥንካሬ ያለውም እዚህ ላይ ነው፦ አንዱ ድርጊት የታካሚውን ጥቅም ይጠብቃል፣ ለሚቀጥለው ታካሚም ትምህርት ይተዋል።

4. “የአንድ ታላቅ ሰው ሥራ ነው” ለሚሉ

ይህን ታሪክ የሚያውቁ ብዙዎች ውጤቱ የፔንፊልድ ችሎታ እንጂ የተቋሙ አደረጃጀት አይደለም ይላሉ። ክርክሩ ቀላል አይደለም፤ መሥራቹ በ1960 ከኃላፊነት እስኪለቁ ድረስ የቤቱ መንፈስ እሳቸው ነበሩ። ግን ከቤቱ ከወጡት ግኝቶች ትልቁ የመጣው ከእሳቸው ቢላዋ ሳይሆን ከቀዶው ስህተት ክትትል ነው፤ ለዚህ ክትትል ደግሞ የሌላ ሙያ ሰው ያስፈልግ ነበር።

ብሬንዳ ሚልነር የዶናልድ ሄብ የዶክትሬት ተማሪ ሆነው በ1950 ወደ ተቋሙ ገቡ፤ ሐኪም አልነበሩም፣ የሥነ ልቡና ባለሙያ ነበሩ። ሥራቸው ከቀዶ ሕክምና በፊትና በኋላ የታካሚዎችን የማሰብና የማስታወስ ችሎታ መለካት ነበር። ከጆሮ በላይ ያለው የአንጎል ክፍል በአንድ ጎን ብቻ ከተቆረጠባቸው ሰዎች አብዛኞቹ ደህና ሆኑ። ሁለት ሰዎች ግን አዲስ ነገር ማስታወስ አቃታቸው። ከሁለቱ አንዱ መሐንዲስ ነበር፤ ብልህነቱ እንዳለ ሆኖ ጥቂት ቀደም ሲል የሆነውን ይረሳ ነበር። ፔንፊልድና ሚልነር ምናልባት በሌላው ጎን ያለው ሂፖካምፐስ የተባለው ክፍል ቀድሞውኑ ተጎድቶ ሊሆን እንደሚችል ገመቱ፤ በቀዶው የተቆረጠው ሲጨመር ሁለቱም ጠፉ ማለት ነው። ይህ በ1955 ለሙያ ጉባኤ ሲቀርብ፣ የሃርትፎርዱ ቀዶ ሐኪም ዊሊያም ስኮቪል በ1953 ሁለቱንም ጎን የቆረጡበት ታካሚ ተመሳሳይ ችግር እንዳለበት አሳወቁ። ኤች. ኤም. በሚል ምህጻር የታወቀው ይህ ሰው ነው። ስኮቪልና ሚልነር በ1957 ያሳተሙት ጥናት የማስታወስ ችሎታ በአንጎል ውስጥ የራሱ ቦታ እንዳለው አረጋገጠ። መሐንዲሱ ከዓመታት በኋላ ሲሞት አስከሬኑ ተመረመረ፤ በሌላው ጎን ያለው ሂፖካምፐስ እንደተገመተው ተጎድቶ ተገኘ።

ከዚህ ሁሉ ትልቁን ቦታ የምሰጠው ለሚከተለው ነው። ጁን ዋዳ አንዱን የአንጎል ጎን ለጥቂት ደቂቃዎች በመድኃኒት በማስተኛት ንግግር በየትኛው ጎን እንዳለ የሚለይ ምርመራ አምጥተው ነበር። የሁለቱ ሰዎች ጉዳት ከታወቀ በኋላ በዚሁ ምርመራ ላይ የማስታወስ ፈተና ተጨመረበት፤ የማይቆረጠው ጎን ብቻውን ማስታወስ መቻሉ ከቀዶው በፊት ይረጋገጥ ጀመር። የሁለት ሰዎች ጉዳት ተመዝግቦ፣ ተጠንቶ፣ ቀጥሎ የሚመጣውን ሰው የሚጠብቅ ሕግ ሆነ። አንድ ቀዶ ሐኪም ብቻውን ቢሆን ሁለቱን ሰዎች እንደ መጥፎ አጋጣሚ ይረሳቸው ነበር፤ ከጎኑ የሚለካ፣ የሚመዘግብና ለዓመታት የሚከታተል ሌላ ሰው በመኖሩ ግን አልተረሱም። ፔንፊልድ ከሄዱ በኋላም በእነ ቴዎዶር ራስሙሰንና ዊሊያም ፋይንደል ዘመን አሠራሩ ቀጠለ።

5. ታካሚው መሣሪያ ሲሆን

ከሁሉ የከበደው ተቃውሞ ሌላ ነው። ሕክምናና ምርምር ሲጣመሩ ታካሚው የሐኪሙን ፍላጎት ማሟያ ይሆናል የሚል ስጋት አለ፤ ታሪክ ደግሞ ስጋቱን ያረጋግጣል። በርሊን አጠገብ በቡህ በ1931 ሕንፃው የተከፈተው የካይዘር ቪልሄልም የአንጎል ምርምር ተቋም በዘመኑ ከዓለም ትልቁ ነበር፤ ላቦራቶሪም የራሱ የሕሙማን ክፍልም ነበረው፣ ሮክፌለር ፋውንዴሽንም ረድቶታል። መሥራቾቹ ኦስካርና ሴሲል ፎግት በ1937 ከተነሱ በኋላ፣ የናዚ መንግሥት የአእምሮ ሕሙማንንና አካል ጉዳተኞችን በጅምላ ሲገድል የሟቾቹ አንጎል በመቶዎች ወደ ተቋሙ ተላከ፤ ተመራማሪዎቹም ተቀብለው አጠኑ። ከእነዚህ ናሙናዎች ከተረፉት ብዙዎቹ በሙኒክ የተቀበሩት በ1990 ነው። በሞንትሪያል ደግሞ ከኒውሮሎጂካል ኢንስቲትዩቱ ብዙ ሳይርቅ፣ የዚያው ዩኒቨርሲቲ አካል በነበረው አለን ሜሞሪያል የሥነ አእምሮ ተቋም፣ ኢወን ካሜሮን ታካሚዎችን ሳያስፈቅዱ ከመጠን ባለፈ የኤሌክትሪክ ንዝረትና በረጅም እንቅልፍ “አእምሯቸውን ለማጽዳት” ሞከሩ፤ ከ1957 ጀምሮም የአሜሪካ የስለላ ድርጅት ሲአይኤ በሌላ ስም ገንዘብ ሰጣቸው። የካናዳ መንግሥት ከ1992 ጀምሮ ለ77 የቀድሞ ታካሚዎች ለእያንዳንዳቸው 100,000 ዶላር ከፈለ።

ሁለቱ በደሎች አንድ ዓይነት አይደሉም፤ ልዩነታቸውም መልሱን ይጠቁማል። በቡህ የመጣው አንጎል ብቻውን ነበር፤ ተቀባዮቹ ለሰውየው ሕይወት የሚጠየቁበት ግዴታ አልነበራቸውም። የእነዚህ ሟቾች ምርምር ከሕክምናቸው ተነጥሎ ስለነበረ “ይህ ሰው እንዴት ሞተ?” ብሎ የሚጠይቅ ሐኪም ጠፋ። በአለን ሜሞሪያል የሆነው ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። አካሚውም፣ ተመራማሪውም፣ የተቋሙ ኃላፊም አንድ ሰው ነበር፤ “አይሆንም” የሚል ሁለተኛ ድምፅ አልነበረም። ከሁለቱ የምረዳው ሥራው መጣመር፣ ውሳኔው ግን መለየት እንዳለበት ነው። የሄልሲንኪ መግለጫ በ1964 ሲወጣ ከሕክምና ጋር የተጣመረን ምርምር ለብቻው ለይቶ ማየቱም ከዚሁ ሐሳብ ጋር ይስማማል፤ ታካሚው ለምርምር እምቢ ቢል ሕክምናው እንዳይጓደልበት የሚል ጥበቃ በሂደት ዳበረ። ዛሬ የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ የሌለው እንዲህ ያለ ተቋም ሙሉ አይባልም። የፔንፊልድ ዘመን አሠራርም በዛሬ ሚዛን ቢመዘን የጎደለው ነገር እንደነበረ ማመን ይገባል፤ ታካሚው የተረዳውና ፈርሞ የሰጠው ፈቃድ በዚያን ጊዜ እንዲህ የጠበቀ አልነበረም።

6. የዛሬው አደረጃጀት

ተቋሙ አሁን ሁለት ባለቤት አለው፤ ኢንስቲትዩቱ የማክጊል ዩኒቨርሲቲ፣ ሆስፒታሉ ደግሞ የዩኒቨርሲቲው የጤና ማዕከል አካል ነው። ሐኪሞቹ በሁለቱም ውስጥ ይሠራሉ። ለንደን ኩዊን ስኩዌር ላይም ከሆስፒታሉ ጎን በ1950 የነርቭ ሕክምና ኢንስቲትዩት ተቋቁሞ በ1997 ከዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን ጋር ተቀላቀለ፤ በፓሪስ ሳልፔትሪየር ግቢ ውስጥም በ2010 የአንጎል ምርምር ተቋም ተከፈተ። ሦስቱም በየራሳቸው መንገድ አንድ ቅርጽ ላይ ደረሱ።

የምስል መሣሪያዎች ከመጡ ወዲህ የመጀመሪያው ችግር ተለውጧል፤ አንጎልን ለማየት ሞትን መጠበቅ ቀርቷል። የሞንትሪያሉ ተቋም የበርካታ ጤነኛ ሰዎችን የኤምአርአይ ምስል አዳምሮ የሠራው ማነጻጸሪያ በየአገሩ ያሉ ተመራማሪዎች የአንጎልን ቦታ የሚለዩበት የጋራ መለኪያ ሆነ። በ2016 ደግሞ ተቋሙ በታኔንባም ቤተሰብ የ20 ሚሊዮን ዶላር ስጦታ እየታገዘ፣ መረጃውንና ፈቃደኛ ታካሚዎች የሰጡትን ናሙና ለሌሎች ተመራማሪዎች ክፍት አደረገ፤ በግኝቶቹ ላይም የፓተንት መብት ላለመጠየቅ ወሰነ። እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሳል። መረጃው በኮምፒዩተር ለዓለም ሁሉ ከተበተነ አንድ ጣሪያ ለምን ያስፈልጋል? የእኔ መልስ መረጃ ተጓዥ ቢሆንም ጥያቄ የሚወለደው ሰው ፊት ነው የሚል ነው። የመሐንዲሱ የመርሳት ችግር በምስል ላይ አልታየም፤ የታየው ቁጭ ብሎ ለሰዓታት ባነጋገረው ሰው ነው። ክፍት መረጃው እንዲህ ያለውን ጥያቄ ብዙ ሰው እንዲመልሰው ይረዳል እንጂ ጠያቂውን አይተካም።

7. አቅም የሌለው አገርስ?

በመጨረሻ የሚመጣው ተቃውሞ የገንዘብ ነው፤ መድኃኒት ያላዳረሰ አገር ምርምር ላይ ገንዘብ ማዋሉ ቅንጦት ነው የሚል። የኢትዮጵያ ተሞክሮ ለዚህ መልስ አለው። በ1980ዎቹ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ከስዊድን ተመራማሪዎች ጋር ሆነው በቡታጅራ አካባቢ ጥናት አካሄዱ። መረጃ ሰብሳቢዎች ቤት ለቤት እየዞሩ 60,820 ሰው ያለበትን ሕዝብ ጠየቁ፤ ምልክት የታየባቸውን የነርቭ ሐኪም መረመራቸው። የሚጥል በሽታ ያለባቸው 316 ሰዎች ተገኙ፤ ከ1,000 ሰው 5.2 ማለት ነው። አብዛኞቹ ዘመናዊ ሕክምና አላገኙም ነበር። ሆስፒታል ቁጭ ብሎ ቢጠበቅ ኖሮ እነዚህ ሰዎች በማንም መዝገብ ላይ አይገቡም፤ ለስንት ሰው መድኃኒት መቅረብ እንዳለበትም አይታወቅም። ቆጠራው ራሱ የሕክምና በር ነበር። የጓያ እህል ጉዳይም ተመሳሳይ ነው፤ በድርቅ ዘመን ዋና ምግብ ሲሆን የሚያመጣውን እግር የሚያሽመደምድ በሽታ የነርቭ ሐኪም ይለየዋል፣ መከላከያው ግን መርዙ ያነሰ ዘር በሚፈልገው የግብርና ተመራማሪና በገበሬው እጅ ነው። ትብብሩ እዚህ አገር ከሆስፒታል ቅጥር የግድ ይወጣል።

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ሕክምና የስፔሻሊቲ ሥልጠና የተጀመረው በ2006 ነው፤ የአንጎልና የነርቭ ቀዶ ሕክምና ሥልጠናም በዚያው ዓመት ከኖርዌይ የቤርገን ሐኪሞች ጋር በትብብር ተጀመረ። ከዚያ በፊት ባለሙያው የሚሠለጥነው ውጭ አገር ነበር። አሁን ሁለቱም ሙያዎች አገር ውስጥ ስለሚሠለጥኑ፣ ሞንትሪያል በሕንፃና በሚሊዮን ዶላር የጀመረውን ሥራ በጥቂት ወጪ መጀመር ይቻላል ብዬ አምናለሁ፦ ቀዶ ሐኪሙ፣ የነርቭ ሐኪሙ፣ የሕዋስ መርማሪውና የሥነ ልቡና ባለሙያው በየሳምንቱ ስለ አንድ ታካሚ አብረው የሚነጋገሩበት ሰዓት፤ ታካሚው ወደ ገጠር ከተመለሰ በኋላም በቅርቡ ባለው ጤና ጣቢያ የሚቀጥል አንድ የጋራ መዝገብ፤ ከተመራማሪዎቹ ውጭ የሆነና እምቢ የማለት ሥልጣን ያለው ኮሚቴ። ከሦስቱ የሚከብደው መዝገቡ ነው። ታካሚው አድራሻ ይቀይራል፣ የትራንስፖርት ገንዘብ ያጣል፣ ሲሻለው ይቀራል፤ እሱን ፈልጎ የሚያገኝ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛም በምርምሩ በጀት ውስጥ ከመጀመሪያው ሊታሰብ ይገባል።